ግቢው ሲዘጋ መጽሐፍ ይዞ መውጣት፦ የዕረፍት ጊዜ ውሰት ከሀ እስከ ፐ

የሰኔ መጨረሻ ሳምንት ነው። ፈተና አልቋል። የክሊራንስ (ከዕዳ ነፃ መሆናችንን የሚያስፈርሙን ፎርም) ወረፋው ከላይብረሪው በር ተነስቶ እስከ ደረጃው ታች ወርዷል። ፊት ለፊቴ የቆመው ልጅ ሻንጣውን በእግሩ እየገፋ ይጠጋል። ከአገሩ ልጆች ጋር አዋጥተው የተከራዩት ሚኒባስ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ተራው ደረሰና መታወቂያውን ሰጠ። ኮምፒውተሩ አንድ መጽሐፍ አወጣበት።

«መልሻለሁ እኮ!»

ሠራተኛው ምንም ሳይናገሩ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞሩለት። ልጁ ትንሽ አሰበና እጁን አናቱ ላይ ጫነ። መጽሐፉን ያዋሰው ለዶርም ጓደኛው ነበር። ጓደኛው ሎከሩን ቆልፎ ትናንት ጎንደር ገብቷል።

እኔም ተማሪ ሆኜ ከዚህ የማይሻል ነገር ደርሶብኛል፤ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ገብቶኛል። ግቢው ያርፋል እንጂ ቆጠራው አያርፍም። ካፌው ተዘጋ፣ ዶርሙ ታሸገ ብሎ የመመለሻ ቀናችሁን የሚያቆምላችሁ የለም። ስለዚህ የዕረፍት ጊዜ ውሰት ጣጣ የሚያልቀው ከመሄዳችሁ በፊት ባለው አንድ ሳምንት ውስጥ ነው። ቀጥሎ ያለው መመሪያም በአብዛኛው የዚያ ሳምንት ሥራ ነው። ዝርዝር ደንቡ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። የመጽሐፉ ቁጥር፣ የቀኑ ብዛት፣ የቅጣቱ መጠን የየግቢው ነው። አካሄዱ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ነው።

1. የትኛው ዕረፍት እንደሆነ ለዩ

«ዕረፍት» ስንል ሦስት የተለያየ ነገር ነው የምንለው።

የመጀመሪያው በሁለቱ ሴሚስተር መሀል ያለው አጭር ዕረፍት ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ችግር የለም። መደበኛውን ውሰት አሳድሳችሁ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ሙሉ ክሊራንስ የሚጠይቅ ግቢ ካልሆነ በቀር።

ሁለተኛው ክረምቱ ነው። ይሄ ሌላ ዓለም ነው። በብዙ ግቢዎች የዓመቱ ክሊራንስ የሚሞላው ያኔ ስለሆነ ስማችሁ ላይ ያለ መጽሐፍ ሁሉ መመለስ አለበት። «ማንም በማያነብበት ክረምት ለምን አይሰጡንም?» የሚል ቅሬታ ብዙ እሰማለሁ። ማንም አያነብም የሚለው ግን ስህተት ነው። ሐምሌ ሲገባ የሰመር ተማሪዎች ይመጣሉ። አብዛኞቹ ከየወረዳው የሚመጡ አስተማሪዎች ናቸው። የዓመቱን ትምህርት በሁለት ወር ጨምቀው ነው የሚማሩት፤ እናንተ ይዛችሁት ልትሄዱ ያሰባችሁትን መጽሐፍ ደግሞ ከእናንተ በላይ ይፈልጉታል። በዚያ ላይ የመጽሐፍ ቆጠራና ጥገና የሚካሄደውም መደበኛው ተማሪ ሲወጣ ነው።

ሦስተኛው የተመራቂዎች ነው። ጂሲ ከሆናችሁ ዕረፍት የሚባል ነገር የለም፤ መሰናበት ነው። ላይብረሪው ካልፈረመ ሬጅስትራር አያስተናግድም፣ ሬጅስትራር ካላስተናገደ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) የለም። ለአንድ መጽሐፍ ብሎ ከሥራ ፍለጋ መሀል ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

2. መጽሐፉን ገልጣችሁ እዩት

ከመደርደሪያ ስታወርዱት መጀመሪያ የኋላውን ሽፋን ክፈቱ። የቀን ማኅተም የሚመታባት ወረቀት ተለጥፋ ካገኛችሁ ከግቢ የሚወጣ መጽሐፍ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ማኅተሞቹንም እዩዋቸው። በየሁለት ሳምንቱ የተመታ ከሆነ ተፈላጊ መጽሐፍ ነው፤ ለዕረፍት አይሰጧችሁም፣ ቢሰጧችሁም በመሀል ይጠሩታል። የመጨረሻው ማኅተም የዛሬ አራት ዓመት ከሆነ ግን ጠረጴዛው ጋ ያሉት ሰው በደስታ ነው የሚሰጧችሁ።

ሪፈረንስ የሚል ምልክት ያለበት አይወጣም። መዝገበ ቃላት፣ ኢንሳይክሎፒዲያ፣ ጆርናል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ እነዚህን አትጠይቁ። ሪዘርቭ የሚባሉት፣ ማለትም ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጠው በሰዓት ወይም ለአንድ ሌሊት የሚሰጡት፣ ትንሽ ያጓጓሉ። ዓርብ ማታ ወስዶ ሰኞ ጠዋት መመለስ የሚፈቀድበት ግቢ አለ። ከዚያ ተነስቶ «እንግዲያው ለዕረፍቱም ይሰጡኛል» ማለት ግን አይሠራም። አስተማሪው ለክፍሉ ሁሉ ያስቀመጡት መጽሐፍ ነውና።

ጨርሶ የማያዋሱ ቤተ መጻሕፍትም አሉ። ስድስት ኪሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት አንዱ ነው። እዚያ መጽሐፉን ያመጡላችኋል፣ እዚያው ታነባላችሁ። እንዲህ ዓይነት ቦታ የሚያስፈልገው ሥራ ካላችሁ ከዕረፍቱ ላይ ቀናት ቀንሳችሁ አዲስ አበባ መቆየት ነው። ሌላ ዘዴ የለውም።

3. ከመሄዳችሁ ከአሥር ቀን በፊት ጠረጴዛው ጋ ሄዳችሁ ጠይቁ

አሥር ቀን ያልኩት እንዲሁ አይደለም። በመጨረሻው ሳምንት ማንም ሊያናግራችሁ ጊዜ የለውም። ጠዋት ሰው ሳይበዛ ግቡና «ጋሼ፣ ለክረምት ማዋስ አለ?» ብላችሁ ጀምሩ። «የለም» ካሉ እዛው ተስፋ አትቁረጡ። አንዳንድ ቦታ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የለም ማለት ነው እንጂ ጥናት ላይ ላለ የማስተርስ ተማሪ አለ። አማካሪያችሁ የፈረሙበት ደብዳቤ ሲመጣ በሩ ከፈት የሚልበትም አለ።

መልሱ «አለ» ከሆነ እነዚህን ሳታጣሩ አትውጡ፦

- ስንት መጽሐፍ ነው? በመደበኛው ጊዜ ከምወስደው ላይ የሚጨመር ነው ወይስ እሱም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል?
- የሚመለሰው በየትኛው ቀን ነው? የመግቢያ ጥሪው ቢራዘምስ?
- በመሀል ሌላ ሰው ከፈለገው እጠራለሁ? በምን? በስልክ ነው በኢሜይል?
- ካለሁበት ሆኜ ማሳደስ እችላለሁ?
- በክረምት ስንት ሰዓት ትከፍታላችሁ? ቅዳሜስ?

«ጥሪው ቢራዘምስ» የሚለውን አደራ። በእኛ አገር የመግቢያ ቀን ስንት ጊዜ እንደሚገፋ ታውቃላችሁ። መስከረም መጨረሻ የተባለው ጥቅምት ይሆናል፣ ከዚያም በዩኒቨርሲቲው የፌስቡክ ገጽ «ጥሪ እስኪተላለፍ በትዕግሥት ጠብቁ» የሚል ይለጠፋል። ሲስተሙ ያንን ማስታወቂያ አያነብም። ሠራተኛው ቀኑን ካልገፉት በቀር በየቀኑ ይቆጥራል። ቅጣቱ በቀን 2 ብር ነው እንበል። ሦስት መጽሐፍ ይዛችሁ ጥሪው አንድ ወር ቢገፋ 180 ብር ነው። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም፤ ዕዳው ግን ስማችሁ ላይ ነው። ጥሪው የተራዘመበትን ማስታወቂያ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፣ ስትመለሱ አሳዩ። ብዙውን ጊዜ ያነሱላችኋል።

ለማሳደስ ደግሞ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ኮሃ የሚባለውን ነፃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። ግቢያችሁ የተማሪ መግቢያ ከፍቶለት ከሆነ የይለፍ ቃላችሁን ከመሄዳችሁ በፊት ውሰዱና ስልካችሁ ላይ ሞክሩት። ግቢ ውስጥ ሆናችሁ ሳይሆን በራሳችሁ ዳታ። ከግቢው ዋይፋይ ውጭ የማይከፍት ከሆነ ቤት ደርሳችሁ አይደለም ማወቅ ያለባችሁ።

4. መታወቂያችሁን አሳድሱ

አጭር ነገር ነው፣ ግን ሰው ይረሳዋል። የውሰት ቀኑ ከመታወቂያችሁ ማብቂያ ቀን እንዲያልፍ ሲስተሙ ላይፈቅድ ይችላል። መታወቂያው ሰኔ 30 የሚያበቃ ከሆነ እስከ መስከረም መጽሐፍ መጠየቅ ከንቱ ነው። መጀመሪያ ሬጅስትራር፣ ከዚያ ላይብረሪ። እግረ መንገዳችሁን የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ፍሬሽ ሳላችሁ የሰጣችሁት ሲም ዛሬ የት እንዳለ ማን ያውቃል!

5. ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት

የእኔ ጉድ ይሄ ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ ለሴሚስተር ዕረፍት መጽሐፍ ወሰድኩ። ማኅተሙ «ፌብሩዋሪ 20» ይላል። ፌብሩዋሪ ማለት የካቲት ነው ብዬ በሙሉ ልብ የካቲት 20 መለስኩ። ሳምንት አሳልፌያለሁ። ፌብሩዋሪ 20 የካቲት 13 ነው። የወሩን ስም ተርጉሜ ቁጥሩን እንዳለ ተውኩት። ቅጣቱን ከፈልኩ፤ የቀረው ገንዘብ ለትራንስፖርት እንኳ አልበቃኝም።

አሁን የማስታውሰው በስድስት ኪሎው ሐውልት ነው። የካቲት 12 ሰማዕታት የምናስባቸው ዕለት ፌብሩዋሪ 19 ነው። ልዩነቱ 7 ነው ማለት ነው። ለዕረፍት የሚያስፈልጓችሁ ወራት ብዙ አይደሉም። የእኛን ቀን ወደ ፈረንጁ ለመለወጥ ጥር ላይ 8 ትደምራላችሁ፣ የካቲት ላይ 7፣ ሐምሌ ላይ 7፣ ነሐሴ ላይ 6፣ መስከረም ላይ 10። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ነው፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች ቀጥሎ ባለው ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት አንድ ቀን ይጨመራል። ጳጉሜንንም አትርሷት። እሷም ትቆጠራለች፣ ቅጣትም አላት።

ሰዓቱም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። የአንድ ሌሊት መጽሐፍ ላይ «8:00» የሚል ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ የሚለው ጠዋት 2 ሰዓትን ነው። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ዘና ብሎ የመጣ ልጅ የስድስት ሰዓት ቅጣት ሲጠይቁት ፊቱን አይቻለሁ። ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ስትይዙ ከቀኑ ሦስት ቀን ቀድማችሁ ያዙት።

6. ካልሰጧችሁ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ

ለብዙዎቻችሁ እውነተኛው ደረጃ ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ ሙሉ መጽሐፉ ነው ወይ? አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምዕራፍ ነው። ስልካችሁን አውጥታችሁ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሱት። አንድ ነገር ብቻ፦ የርዕሱን ገጽና የኅትመት ዓመቱ ያለበትን ጀርባውን አስቀድማችሁ አንሱ። ነሐሴ ላይ ዋቢ ስትጽፉ «ይሄ የማን መጽሐፍ ነበር?» ብላችሁ ትቸገራላችሁ። ሙሉ መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ መጠረዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የቅጂ መብት አዋጁ ቁጥር 410/1996 ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማንሳትን ቢፈቅድም ሙሉ መጽሐፍን ወይም ዋናውን ክፍል አይጨምርም። ፎቶ ኮፒ ቤቶቻችን ይህን ሰምተው እንደማያውቁ ሆነው ነው የሚሠሩት፤ እሱ ሌላ ቀን የምንነጋገርበት ነው።

ሁለተኛ፣ የግቢው ዳታቤዝ። ላይብረሪው ብዙ ጆርናሎች የሚከፍትላችሁ በግቢው ኔትወርክ ስለገባችሁ ብቻ ነው። በር ላይ ስትወጡ ይዘጋል። ስለዚህ የምትፈልጉትን ጽሑፍ ሁሉ ከመሄዳችሁ በፊት አውርዱ። ፍላሽ ላይም ስልክ ላይም አድርጉት፤ ፍላሽ ያለ ቫይረስ ከግቢ ወጥቶ አያውቅም። ጤና ወይም ግብርና የምታጠኑ ከሆነ ሂናሪና አጎራ ስለሚባሉት ጠይቁ። ለእንደኛ ዓይነት አገሮች ተቋማት በነፃ ወይም በቅናሽ የተከፈቱ የጆርናል ስብስቦች ናቸው። የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃሉን የሚያውቁት የላይብረሪ ሠራተኞች ናቸው። ግቢው ከተዘጋ በኋላ በስልክ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፎችስ? እነሱን በእጅ አያዋሱም፤ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ በርከት ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች በኢንተርኔት ማከማቻቸው ላይ ጭነዋቸዋል። ብዙዎቹን የትም ሆናችሁ በነፃ ታወርዳላችሁ። ኔትወርክ ሲኖር።

ሦስተኛ፣ የምትሄዱበት ከተማ። አዲስ አበባ ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ለማንም ክፍት ነው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክርም አለ፤ ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረ ነው፣ አማርኛ መጽሐፍ ፈልጋችሁ ያጣችሁ እንደሆነ መጀመሪያ እሱ ጋ ነው መሄድ። ሁለቱም ጋ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው ዋናው ነገር። ክፍለ አገር ከሆነ የከተማውን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። ወይም ቅርባችሁ ያለውን ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ከግቢያችሁ የትብብር ደብዳቤ አጽፋችሁ ብትሄዱ ማዋሱ ቢቀር ቁጭ ብሎ ማንበብ የሚከለክል ቤተ መጻሕፍት ብዙም አይገጥማችሁም። ደብዳቤው ደግሞ ማኅተም ይፈልጋል፣ የሚመታው ሰው ደግሞ ዕረፍት ይወጣል። አሥር ቀን በፊት ያልኩት ለዚህም ነው።

7. መጽሐፉን በሰላም አድርሱት

ሲሰጧችሁ እዛው ቆማችሁ ገጾቹን ገልብጡ። የተቀደደ፣ የተሰመረበት፣ የጠፋ ገጽ ካለ አሳዩና ይጻፍላችሁ። ፎቶም አንሱ። ስትመልሱ «እንዲህ ሆኖ ነው የወሰድኩት» ማለት ያለ ማስረጃ አያዋጣም።

ሐምሌ ላይ አገር አቋራጭ አውቶብስ ስትሳፈሩ ሻንጣው ጣራ ላይ ይወጣል። ሸራውም እንደነገሩ ነው የሚታሰረው። መጽሐፉን በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ በእጅ ቦርሳ ያዙት። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ከመሬት ከፍ አድርጉት፤ ምስጥም እርጥበትም ከታች ነው የሚመጡት። እንጨት የሚነድበት ቤት ከሆነ ከጭሱ አርቁት። ታናናሽ ወንድምና እህት ካላችሁ ምክር አያስፈልጋችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ከረጠበስ? ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ ዳር አታስጡት፤ ሽፋኑ ይቆለመማል፣ ገጾቹ ይሻክራሉ። ነፋስ በሚገባበት ጥላ ቦታ አቁሙት። በየሃያ ሠላሳ ገጹ መሀል ነጭ ሶፍት አስገቡና ሲርስ ቀይሩት። ጋዜጣ አይሁን፣ ቀለሙ ይለቃል። ሲደርቅ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት። ሁለት ቀን ካሳለፋችሁ ግን ሻጋታ ይጀምረዋል፣ የዚያኔ መጽሐፉ ብቻ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠውም ሰለባ ነው። እንዲህ የሆነውን መጽሐፍ ዝም ብላችሁ መደርደሪያ ላይ አትመልሱት፤ ለሠራተኛው ተናገሩ።

8. በቀኑ መምጣት ካልቻላችሁ

ታመማችሁ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት አቋርጣችሁ ዊዝድሮው ሞላችሁ። ያጋጥማል። ከቀኑ በፊት ደውሉ። ከቀኑ በኋላ የሚደውል ሰው ሰበብ አቅራቢ ነው፣ ከቀኑ በፊት የሚደውል ግን ጨዋ ነው። ሠራተኞቹ ልዩነቱን ያውቁታል።

በጓደኛ የምትልኩ ከሆነ መጽሐፉን ለመመለስ የእናንተ መገኘት ግድ ላይሆን ይችላል። የሚያስፈልገው ሲመለስ የተሰረዘበትን ስክሪን ወይም ደረሰኙን ጓደኛችሁ ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ነው። «ሰጥቻቸዋለሁ» በቂ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የሄደ ጓደኛና ያስረከበ ጓደኛ በቃል አንድ ነው የሚሉት።

ከጠፋም አትደብቁት። ጠፋ ብላችሁ ያስመዘገባችሁ ቀን ብዙ ቦታ የቀን ቅጣቱ ይቆማል፣ ከዚያ መተካት ነው። ቶሎ ብላችሁ ገበያ ወጥታችሁ አትግዙ። መጀመሪያ የትኛው ዕትም እንደሚቀበሉ ጠይቁ። አሮጌ ዕትም ወይም ፎቶ ኮፒ ጥራዝ ገዝቶ የመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል። ገበያ ላይ ከሌለ በገንዘብ ያስከፍላሉ፤ ያም ብዙ ጊዜ ከመጽሐፉ ዋጋ በላይ ነው።

9. ስትመልሱ ቆማችሁ ጠብቁ

መጽሐፉን ሰጥታችሁ አትሂዱ። ባርኮዱ ሲነበብ፣ ስሙ ከዝርዝራችሁ ሲወጣ ዓይናችሁ ይይ። ካርድ የሚጠቀም ላይብረሪ ከሆነ ካርዳችሁን መልሳችሁ ተቀበሉ። የክሊራንሱን ፎርም ካስፈረማችሁ በኋላም ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ ከላይብረሪ እስከ ዶርም ተቆጣጣሪው (ፕሮክተር)፣ ከፕሮክተር እስከ ሬጅስትራር ሲዞር በዝናቡ ቀለሙ ይለቃል።

ስለዚያ ልጅ ልጨርስላችሁ። ሚኒባሱ ትቶት ሄደ። ጎንደር ተደወለ። የሎከሩ ቁልፍ በማግስቱ በአንድ ሹፌር እጅ ተላከ። ልጁ ዶርሙ ስለታሸገበት ማደሪያ አጥቶ፣ ዶርማቸው ገና ያልታሸገ የጂሲ ልጆች ጋ አደረ። መጽሐፉ ሲመጣ ሠራተኛው የኋላውን ወረቀት ገልጠው አሳዩት። የመመለሻው ቀን ግንቦት ላይ ነበር።

«ለክረምት ላሳድስልህ?» አሉት እየሳቁ።

ልጁ ፎርሙን ተቀብሎ ወደ ፕሮክተሩ ቢሮ ሮጠ።